ግርዛቱ ይቆይ

ይህን ጉዳይ እንድከታተል ያደረገችኝ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ደጃፍ ተራ ስትጠብቅ ያገኘኋት እናት ናት። «ነፍሰ ጡር ሳለሁ አልትራሳውንድ ሁለቴ ታይቻለሁ። ‹ወንድ ነው› አሉኝ፤ ደስ ብሎን ወጣን። በተወለደ በስምንተኛው ቀን አስገረዝነው። ኋላ ሳጥበው ሽንቱ ከሥር ሲወርድ አየሁ። ሐኪሙ ‹ምነው ባልገረዛችሁት!› አለኝ። ማን ነግሮን?»

ሕመሙ ሃይፖስፓዲያስ ይባላል። የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥር ይከፈታል፤ ሸለፈቱም ከታች ጎድሎ ከላይ ብቻ እንደ ቆብ ይደፋል። ቀላሉ ዓይነት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ቀዳዳው እስከ ቆለጥ ከረጢት የሚወርድበት ከባዱ ግን ብርቅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ለጥገናው ብዙውን ጊዜ የሚጠቀመው ያንኑ የሸለፈቱን ቆዳ ነው።

እናቲቱ ሁለቴ የታየችበት አልትራሳውንድ ወደ ማህፀን የገባው ከፋብሪካ ነው። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ በ1955 እ.ኤ.አ. ከታካሚዎች የወጡ ዕጢዎችን ይዘው ወደ አንድ የቦይለር ፋብሪካ ሄዱ፤ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያው መሣሪያ ዕጢውን ከውሃ ቋጠሮ ለየላቸው። ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከዶክተር ጆን ማክቪካር ጋር የደረሱበትን በ1958 «ላንሴት» ላይ አሳተሙ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች በከባድ ሃይፖስፓዲያስ ወደ ታች የታጠፈው ብልት በሁለቱ የከረጢት እጥፋት መሐል ቱሊፕ አበባ መስሎ እንደሚታይ ጻፉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። አንድ የአልትራሳውንድ ባለሙያ እንዳሉኝ ግን፣ «ወረፋው ደጅ ድረስ ነው። የልብ ምቱን፣ የእንግዴ ልጁን ቦታ፣ የጽንሱን ዕድሜ አይተን እናልፋለን።» ባለሙያዎቹ ይህን ሕመም እንዲለዩ ይሠለጥኑ እንደሆነ የጠየቅኳቸው ኃላፊ «በደብዳቤ ጠይቁ» አሉኝ፤ ለደብዳቤው መልስ አልመጣም።

መዘዙ ቀላል አይደለም። ሸለፈቱ ከተቆረጠ ጥገናው ይከብዳል። ከባድ ሃይፖስፓዲያስ በሚመስልና ብልቱ ወንድ ይሁን ሴት በማይለይበት ሕፃን ላይ ደግሞ የአድሬናል ዕጢ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ሳይታወቅ ከቀረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊገድል ይችላል።

ቀላሉን ዓይነት አልትራሳውንድም አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። ስለዚህ አዋላጇ እያንዳንዱን ወንድ ሕፃን ስትቀበል ቀዳዳው የት እንዳለ ትይ፤ ከቦታው ውጪ ካገኘችው ቤተሰቡ ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት «ሐኪም ሳያየው እንዳትገርዙት» ትበል። ለዚህ ዓይንና አንድ ደቂቃ ይበቃሉ።