የሻንሲ ቁጥር ምን ይነግረናል? የፒክአፕና የሚኒባስ የትውልድ አገር

ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ እንዲሁም በከላላና በአጎራባቾቹ የደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ፒክአፕና ሚኒባስ የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ናቸው። ባለሙያውን ወደ ቀበሌ፣ መድኃኒቱን ወደ ጤና ጣቢያ፣ መንገደኛውን ወደ ገበያ ያደርሳሉ። ለመሆኑ እነዚህ ተሽከርካሪዎች የየት አገር ሥሪት ናቸው? ብዙዎቻችን ያለማመንታት «የጃፓን» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። የንግድ ምልክቱ የጃፓን ሆኖ መኪናው የተሠራው በሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ተራ የማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። ጥሪቱን አሟጥጦ ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ የነገረውን ከእውነታው የሚያመሳክርበት መንገድ ያስፈልገዋል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች በተለያዩ አገሮች ከተሠሩ የመለዋወጫ ዕቃቸው ሊለያይ ይችላልና፣ መለዋወጫ የሚያዝ መካኒክም የትውልድ አገራቸውን ማወቅ ይጠቅመዋል።

አሥራ ሰባቱ ምልክቶች

በሊብሬው ላይ የሚሰፍረውና በመኪናው አካል ላይ የሚታተመው የሻንሲ ቁጥር፣ በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት 17 ፊደላትንና አኃዞችን ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ 3 ምልክቶች አምራቹን ያመለክታሉ፤ ቀጣዮቹ 6 የተሽከርካሪውን ዓይነት ይገልጻሉ፤ የመጨረሻዎቹ 8 ደግሞ ያንን አንድ መኪና ከሌላው ይለያሉ። «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት የላቲን ፊደላት በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም። ምክንያቱም ከ1 እና ከ0 ጋር በቀላሉ ይምታታሉ።

የትውልድ አገሩን ለመገመት ከፊት ያሉትን ሁለት ምልክቶች መመልከት ይበቃል። «ጄ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ጃፓንን፣ «ኤል» ቻይናን፣ «ደብሊው» ጀርመንን ያመለክታል። «ኤ ኤች» ለደቡብ አፍሪካ ከተመደቡት ጥምረቶች አንዱ ነው። «ኤም» ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ «ኤም ኤ» የህንድ ሲሆን «ኤም አር» የታይላንድ ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

አንድ ልዩ ሁኔታም አለ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ይህን የ17 ምልክት ሥርዓት አይከተሉም። የእነርሱ ቁጥር አጠር ያለ ሆኖ፣ የሞዴል መለያ፣ ሰረዝና ተከታታይ ቁጥር ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው ያገለገለ ሚኒባስ ከመጀመሪያው ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ እንዳልነበረ እንረዳለን።

ፋብሪካው ለምን ከአገሩ ወጣ?

የቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 በጃፓን መመረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኩባንያው ምርቱን በአዲስ መልክ ሲያደራጅ፣ ታይላንድ፣ ደቡብ አፍሪካና አርጀንቲና ዋና ማዕከላት ሆኑ። በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ፣ በአርጀንቲና ደግሞ በሳራቴ ይመረታል። ሃይሉክስ ተቋርጦበት ወደነበረው የጃፓን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመለስ እንኳ የገባው ከታይላንድ ተጭኖ ነበር። አይሱዙም የፒክአፕ ምርቱን ወደ ታይላንድ አዛውሯል፤ ፎርድ ሬንጀርም በዚያው አገርና በደቡብ አፍሪካ ይመረታል።

ለዚህ ዋናው ምክንያት የገበያ ስፋት ነው። ላሜራውን ወደ በርና ጣሪያ የሚለውጡት ግዙፍ የማተሚያ ቅርጾች እጅግ ውድ ናቸው፤ ወጪያቸው የሚመለሰው በብዙ ሺህ መኪኖች ላይ ሲከፋፈል ነው። በታይላንድ ፒክአፕ ከቤት አውቶሞቢል ያነሰ ግብር ስለሚጣልበት ሕዝቡ በብዛት ገዛው፤ ገበያው ሲሰፋ የመለዋወጫ አምራቾች በፋብሪካዎቹ ዙሪያ ተሰባሰቡ። ግብር በሌላም አቅጣጫ ይሠራል። አሜሪካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ በመጣሏ፣ የውጭ ኩባንያዎች በዚያው አገር ፋብሪካ እንዲተክሉ ተገፋፍተዋል። በአውሮፓ ደግሞ የፎርድ ትራንዚት ዋና ፋብሪካ በቱርክ፣ የፊያት ዱካቶ በጣሊያኗ አቴሳ ይገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው ሃያስ በአንጻሩ፣ በአገራችን የምናውቀው አፍንጫ የለሽ ዓይነቱ፣ በዋናነት የጃፓን ምርት ሆኖ ቆይቷል። የተራራ መንገድ ባልደረባ የሆነው ላንድ ክሩዘር 70ም ምርቱ በጃፓን ነው፤ በኬንያዋ ሞምባሳ ግን ከጃፓን ከሚላኩ ክፍሎች ፒክአፑ ይገጣጠማል።

ደጋው በሞተሩ ላይ

አምራቾች መኪናን ሲነድፉ የሚሄድበትን ምድር ያስባሉ። ፒክአፕ እንደ መሰላል የተሠራ ጠንካራ የብረት ሻንሲ አለው፤ ጋቢናውና የጭነት ሣጥኑ በላዩ ይታሰራሉ፤ ከኋላ ብዙውን ጊዜ ባሌስትራ ይሸከመዋል። ስለዚህ በኮረኮንች መንገድ ጭነትን ይችላል።

አየሩ ግን ሌላ ፈተና ነው። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል ያህል የሆነው የአየር ግፊት፣ በ2,600 ሜትር ከፍታ ወደ 74 ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየምቱ የሚያስገባው ኦክስጅን በዚሁ መጠን ስለሚቀንስ፣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር በጭሱ ኃይል የሚዞር መጭመቂያ ስላለው ጉድለቱን በአመዛኙ ያካክሳል። ነባሩ ሃይሉክስ ዳገት ላይ ሲያቃስት «ዲ ፎር ዲ» የሚባለው የሚያልፈው ከዚህ የተነሣ ነው።

ኢትዮጵያስ?

በአገራችን መኪና የመገጣጠም ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው አምቼ ለአሥርት ዓመታት የጭነት መኪኖችን ገጣጥሟል። በሞጆ የቤት አውቶሞቢሎችን ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በኪሳራ ሥራውን አቁሟል። መገጣጠም ማለት ማምረት አይደለም። ክፍሎቹ በሣጥን ተበትነው ሲገቡ፣ የአገር ውስጡ ፋብሪካ የሚጨምረው እሴት በአብዛኛው ብየዳ፣ ቀለምና ማሰር ነው። ለክፍሎቹ የውጭ ምንዛሪ ማስፈለጉም አይቀርም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪኖች ባወጣው የቀረጥ ሥርዓት፣ ሙሉ በሙሉ ተሠርተው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትነው በሚገቡት ላይ 5 በመቶ ሲጥል፣ ፈጽሞ የተበተኑትን ነፃ አድርጎ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። ለደጋው ይህ ልዩ ትርጉም አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታ ጉልበቱን አይነሳውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ከጉልበቱ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ነገር ግን በየወረዳው አስተማማኝ ኃይል፣ መሙያ ጣቢያና የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ ጥቅሙ በወረቀት ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የታይላንድ ልምድ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። ፋብሪካን የሚስበው ሰፊ ገበያ፣ የተረጋጋ የግብር ፖሊሲና በዙሪያው የሚሰባሰቡ የመለዋወጫ አምራቾች ናቸው። ቀድሞ በአገር ውስጥ ሊመረት የሚችለውም ሙሉው መኪና ሳይሆን ባሌስትራው፣ ወንበሩ፣ የጭነት ሣጥኑ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ከአንድ ፒክአፕ አጠገብ ስትቆሙ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። የትኛው አገር ይህን ዕድል ቀድሞ እንደተጠቀመበት ከፊት ያሉት ሁለት ምልክቶች ይነግሯችኋል።