የእባብ ማዕድ ይለወጣልን?

በጋምቤላ ክልል በአኝዋክ ዞን የምትገኘው የጎግ ወረዳ የውኃ አገር ናት። የጊሎ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ ዓሣው ከወንዙ ወጥቶ በረግረጉ ይሠራጫል፤ እንቁራሪቱም ይራባል። በጋ ሲገባ ውኃው ወደ ወንዙና እንደ ታታ ወዳሉት ሐይቆች ይሸሻል፤ ሜዳውም ይደርቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከውኃ ዳር አድኖ የሚያድር ፍጥረት ሁሉ ጥጋብም ረኀብም ያውቃል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከዚሁ የሚነሣ ነው። ዓሣና እንቁራሪት የለመደ እባብ ሌላ ምግብ ይቀበላልን? የሚቀበልስ ከሆነ በምን ዘዴ?

ነገሩ ተራ መስሎ የሚታየው አንባቢ ጥቂት ይታገሠን። የዚህ ጥያቄ መልስ በእባብ ተነድፎ በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ከሚሰጠው መድኃኒት ጋር የተያያዘ መሆኑን ወደ መጨረሻው እናያለን።

ጋርተር እባብ

በአገራችን እባብን በቤት ማኖር የተለመደ አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ግን በመስታወት ሣጥን እባብ የሚያኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ እባቦች አንዱ ጋርተር የተባለው የሰሜን አሜሪካ እባብ ነው። ቀጭን፣ በጀርባው ላይ እንደ ጥብጣብ የተዘረጉ መስመሮች ያሉት፣ እንቁላል ሳይጥል ሕይወት ያላቸው ግልገሎች የሚወልድ፣ በሰው ላይም ብዙ ጉዳት የማያደርስ ነው። በዱር የሚመገበው በአብዛኛው የምድር ትል፣ ዓሣና እንቁራሪት ነው። ጋርተር በአፍሪካ አይገኝም፤ ሆኖም በአህጉራችን ረግረጎች ዓሣና እንቁራሪት እያደኑ ተመሳሳይ ኑሮ የሚኖሩ ትናንሽ እባቦች አሉ።

ጋርተርን በቤት የሚያኖር ሰው ውሎ አድሮ ከአንድ ችግር ጋር ይፋጠጣል። ትልና ዓሣ ዘወትር አይገኝም፤ የተገኘውም ሁሉ አይበጅም። የአይጥ ግልገል ግን አጥንትና ሆድ ዕቃ ያለው ሙሉ እንስሳ በመሆኑ ካልሲየሙንም ቫይታሚኑንም አሟልቶ ይይዛል፤ አቀዝቅዞ ማስቀመጥም ይቻላል። ችግሩ እባቡ አይጥን ምግብ ነው ብሎ አለማወቁ ነው።

በምላስ ማሽተት

እባብ ምግቡን የሚለየው እንዴት ነው? ሹካ መሰሉን ምላሱን ብቅ ጥልቅ ሲያደርግ በአየርና በመሬት ላይ ያሉ ጥቃቅን የኬሚካል ቅንጣቶችን ይሰበስባል። ከዚያም በላንቃው ላይ ወዳለ ልዩ የማሽተቻ አካል ያደርሳቸዋል። ይህ አካል እ.ኤ.አ. በ1813 ስለ እርሱ በጻፈው በዴንማርካዊው ሉድቪግ ያኮብሰን ስም ይጠራል። በዓይናችን ፊት የቀረበው ሥጋ ምንም ያህል የሚያስጎመጅ ቢሆን፣ ሽታው የማይታወቅ ከሆነ ለእባቡ ከድንጋይ አይሻልም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጎርደን በርግሃርት እ.ኤ.አ. በ1967 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ያልቀመሱ የእባብ ግልገሎችን ወስዶ፣ በልዩ ልዩ እንስሳት ገላ እጣቢ የተነከረ ጥጥ አቀረበላቸው። ግልገሎቹ የየዝርያቸውን ምግብ ሽታ ባገኙ ጊዜ ምላሳቸውን ደጋግመው እያወጡ ጥጡን ነደፉት፤ በንጹሕ ውኃ ወደ ተነከረው ጥጥ ግን ያን ያህል አልሳቡም። እናት ያላስተማረቻቸውን በተፈጥሮ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን ሌላው ተመራማሪ ስቴቫን አርኖልድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት አመለከተ። በካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ የአንድ ጋርተር ዝርያ እባቦች ቅርፊት የሌለውን ቀንድ አውጣ ይበላሉ። በመሀል አገር የሚኖሩት ዘመዶቻቸው ደግሞ ዓሣና እንቁራሪት ይመገባሉ። ከሁለቱም ወገን የተወለዱ ግልገሎች ቀንድ አውጣው ሲቀርብላቸው የጠረፎቹ አብዛኞቹ በሉት፤ የመሀል አገሮቹ አብዛኞቹ ግን አልነኩትም።

ታዲያ ምርጫው በደም የተጻፈ ከሆነ መለወጥ አይቻልም ማለት ነውን? አይደለም። በርግሃርት ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ሌላ ጥናት፣ ግልገሎቹ በመጀመሪያ ጊዜያቸው የተመገቡት ነገር ለሽታ የሚሰጡትን ምላሽ እንደሚለውጥ አሳይቷል። ተፈጥሮ መነሻውን ትሰጣለች፤ ልምድም የራሱን ይጨምርበታል።

ሽታን ማዋስ

የእባብ አርቢዎች ዘዴ በዚሁ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። በመጀመሪያ የሞተችውን የአይጥ ግልገል በሚገባ ያጥቧታል፤ የራሷ ሽታ እንዲቀንስ ነው። ቀጥሎም እባቡ በለመደው ዓሣ ወይም ትል ያሿታል። እባቡ ምላሱን ሲያወጣ የሚያገኘው የዓሣን ሽታ ስለሆነ ይውጣታል። አንዳንዶች ዓሣውንና የአይጡን ሥጋ ቆራርጠው በአንድ ሳሕን ያቀላቅላሉ። በየጊዜው የዓሣው ድርሻ እየተቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ እባቡ አይጧን ብቻ ይቀበላል።

በዚህ ሂደት ሙቀት ሊዘነጋ አይገባም። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ እንስሳ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ስፍራ ከተቀመጠ ቢበላም ምግቡ አይፈጭለትም፤ ብዙ ጊዜም መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ «እምቢ አለ» ከማለት በፊት ሣጥኑ መሞቁን መመርመር ይገባል።

ዘዴው በሁሉም ላይ አይሠራም። በአፍሪካ የሚኖረው እንቁላል በል እባብ የወፍ እንቁላል ብቻ ይመገባል። ጥርሱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ እንቁላሉንም የሚሰብረው ከአከርካሪው ወደ ጉሮሮው ዘልቀው በገቡ የአጥንት ጫፎች ነው። ለዚህ እባብ አይጥን በእንቁላል አሽቶ ማቅረብ ከንቱ ድካም ነው፤ አካሉ ራሱ ለአንድ ማዕድ ተቀርጿልና።

ዓሣ ብቻ ቢበላስ?

«ዓሣ ከወደደ ዓሣ ብቻ ብንሰጠው ምን ይጎዳል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ እንደ ዓሣው ዓይነት ይለያያል። በቤት መስታወት ውስጥ የሚዋኘው ወርቃማ ዓሣና ሌሎች የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች በሥጋቸው ታያሚኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይይዛሉ። ይህ ኢንዛይም ታያሚንን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 1ን ያፈርሳል። ታያሚን ከሌለ ሕዋሳት ከግሉኮስ ኃይል ለማውጣት ይቸገራሉ፤ ቀድሞ የሚጎዳውም ብዙ ኃይል የሚፈልገው የነርቭ ሥርዓት ነው። እባቡ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ በጀርባው ሲገለበጥ መቃናት ያቅተዋል፤ ሳይታከም ከቆየም ይሞታል። በሰው ላይ ቤሪቤሪ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው የዚሁ ቫይታሚን እጦት ነው። ማቀዝቀዝ ኢንዛይሙን አያጠፋውም። ዓሣውን በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ደቂቃ ያህል ማሞቅ ግን ያከሽፈዋል።

ከሣጥኑ ወደ መድኃኒቱ

አሁን ወደ ገባነው ቃል እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች በእባብ መነደፍ እንደሚሞቱ ይገምታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ችግር ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የሚደርሰውን ሞትና የአካል ጉዳት እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ ዕቅድ አውጥቷል። በአገራችንም ተጎጂው በአብዛኛው ገበሬው፣ እረኛውና የቀን ሠራተኛው ነው። በምዕራብ አርማጭሆ በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በእርሻ ሥራ ላይ ሳሉ የተነደፉ ሠራተኞችን ሲያክም ቆይቷል።

ፍቱን የሆነው ፀረ መርዝ የሚሠራው ከእባብ በሚታለብ መርዝ ነው። መርዙ በጥቂቱ ለፈረስ ይሰጣል፤ የፈረሱ ደም የሚያመነጨው ፀረ አካልም ተጣርቶ መድኃኒት ይሆናል። ይህ ሥራ ትርፉ አነስተኛ፣ ድካሙ ብዙ ነው። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአፍሪካ ያመርት የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ፀረ መርዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቁሟል።

መርዝ ለማለብ እባቡ በሕይወትና በጤና መቆየት አለበት፤ ለመቆየት ደግሞ መብላት አለበት። አይጥ በል እፉኝት በዚህ ረገድ ብዙ አያስቸግርም። በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖረው ኮራል እባብ ግን በአብዛኛው ሌሎች እባቦችን ስለሚበላ ምግቡን ማግኘት ጭንቅ ነበር። በኮስታሪካ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የክሎዶሚሮ ፒካዶ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህን እባቦች ከዓሣ በተዘጋጀ ምግብ እያኖሩ መርዛቸውን ማለብ እንደተቻለ አስታወቁ። ጋርተሩን ከዓሣ ወደ አይጥ የሚያሻግር አርቢና ኮራሉን ከእባብ ወደ ዓሣ ያሻገረ ተመራማሪ የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ እንስሳ ምን ይቀበላል፣ ምንስ ያኖረዋል?

ይህን ስንጽፍ ማንም ተማሪ እባብ ፍለጋ ወደ ጊሎ ዳር እንዲወርድ አንመክርም፤ መርዛማውን ከሌላው መለየት ሥልጠና ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ጎግን በመሰሉ ረግረጎች የትኛው እባብ በየትኛው ወቅት ምን እንደሚበላ በጥንቃቄ የሚመዘግብ ወጣት ተመራማሪ ያስፈልገናል። የአገራችንን እባቦች አቆይቶ መርዛቸውን ለመድኃኒት ማዋል የሚሻ ሰው አስቀድሞ ማዕዳቸውን ማወቅ ይኖርበታልና።