ብርና ሺሊንግ

ሁለት የአፍሪካ ገንዘቦች በቀድሞ ዘመን በስንት ይመነዘሩ እንደ ነበር የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አንድ ቍጥር ነው፤ እኔ ግን በሒሳብ መርማሪነት ሥራ እስካለሁ ድረስ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና መንዛሪውን ሳልጠይቅ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ መስጠትን እንደ ድፍረት እቈጥረዋለሁ። ብርና ሺሊንግ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ያለ አማላጅ የተዋዋሉበት ጊዜ ጥቂት ነውና፤ የአንዱን ልክ ለሌላው ሲወስን የኖረው አስቀድሞ የእንግሊዝ ፓውንድ፣ ኋላም የአሜሪካ ዶላር ነው።

ቢሮዬ ያለበት የአዲስ አበባው የየካ ምድር ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። ከእንጦጦ ግርጌ በዛፍ ተከብቦ የሚታየው፣ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት ሰፊ ግቢ ዛሬም በስፍራው አለ፤ የኬንያም ኤምባሲ የሚገኘው በዚሁ በየካ ነው። የጣልያን ወራሪ በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ፣ የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ፣ የንጉሥ ጊዮርጊስን መልክ ተሸክሞ፣ ከማርያ ቴሬዛው ጠገራና ከጣልያን ሊሬ ጋር በአንድ ገበያ ይዞር ነበር፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ቦርድም መንበሩ ናይሮቢ ሳይሆን ለንደን ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የገንዘብ ዐዋጅ ያንን ሁሉ ቅይጥ ለማስቀረት አዲሱን የኢትዮጵያ ብር ሲያቆም፣ የአንዱን ብር ልክ በ5.52 ግሬይን ጥሩ ወርቅ ወሰነ፤ ይህም በአሜሪካ ገንዘብ ሲተመን 40 ሳንቲም ያህል፣ በሺሊንግ ሲተመን ደግሞ 2 ሺሊንግ ሆነ። ለማስታወስ እንዲህ የቀለለ ልክ ስለ ሆነ፣ በሽማግሌዎች ዘንድ እስከ ዛሬ አልተዘነጋም።

ይሁን እንጂ የልኩ ዕድሜ ከአራት ዓመት ብዙም አልዘለለ። መስከረም 8 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ በዕለተ ሰንበት፣ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ፓውንድ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ዶላር መውረዱን በራዲዮ ሲያስታውቁ፣ ሺሊንግ ከፓውንድ ጋር የታሰረ ነበርና አብሮ ወረደ፤ ብራችን ግን በወርቅ ልኩ ጸና። በአዲስ አበባ አንድ ጆንያ ቡና ሳይጨመር፣ ከናይሮቢም አንድ ጆንያ ሳይጐድል፣ 1 ብር 2 ሺሊንግ ከ87 ሳንቲም ያህል ሆኖ አደረ።

ይህን የምተርከው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። በቅርቡ ከኮተቤ ወገን አንዲት እናት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ቀለሙ ወደ ቡኒ የዞረ፣ በግርጌው የምስክሮች ስምና አንድ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት፣ በታኅሣሥ 1942 ዓ.ም. አስመራ ላይ የተጻፈ የብድር ውል ነበር። ኤርትራ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሆና በሺሊንግ ትገበያይ ነበርና፣ ነጋዴው አባታቸው የተበደሩት 400 ሺሊንግ ነው። ዕዳው በሕግ ፊት በይርጋ ከታገደ ዘመን ቈጥሯል፤ እኚህ እናት ግን የአባታቸው ነፍስ በሰው ገንዘብ እንድትያዝ ስላልወደዱ፣ ለአበዳሪው የልጅ ልጆች ሊከፍሉ ቈርጠዋል።

«ልጄ፣ ሁለት ሺሊንግ አንድ ብር አልነበረም እንዴ? እንግዲያው 200 ብር ነዋ!» አሉኝ።

«እማማ፣ ወረቀቱ አራት ወር ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን እውነትዎን ነበር፤ ፓውንድ ከወረደ በኋላ ግን 139 ብር ያህል ነው» አልኋቸው።

ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «አስመራ ያለው መንዛሪስ የለንደኑን ወሬ ሰምቶ ኖሯል?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ከሠንጠረዤ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የባንክ ልክ ሌላ፣ በሱቅ ደጅ የሚቈረጠው ልክ ሌላ መሆኑን እኔ በትምህርት ያገኘሁትን እርሳቸው በኑሮ ያውቁታል። 139 ብር የዛሬ ስንት ነው የሚለው ደግሞ በምንዛሪ የሚፈታ አይደለም፤ ያን ጊዜ በዚያ ገንዘብ ምን ይገዛ ነበር ተብሎ ለብቻው ይመረመራል። 200 እና 139 የሚሉትን ሁለቱንም ቍጥሮች ጽፌ ሳሳያቸው ግን፣ «ለነፍስ ከሆነ የሚበልጠውን ጻፍልኝ» ብለው ቈረጡት።

በኋለኛው ዘመን ነገሩ ይብስ ተወሳሰበ። ብር በ1965 ዓ.ም. በዶላር 2.07 ሆኖ ከቆመ ወዲህ፣ ያ ሁሉ ጦርነትና ረኀብ ሲያልፍ እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዚያ ልክ ንቅንቅ አላለም፤ የምሥራቅ አፍሪካውን የተካው የኬንያ ሺሊንግ ግን በዚያው ዘመን ደጋግሞ ወረደ። ስለዚህ የ1984 ዓ.ም.ን ሠንጠረዥ የሚመለከት ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ 1 ብር ከ13 ሺሊንግ በላይ ሆኖ ሲያገኘው ብራችን እጅግ የበረታበት ዘመን ይመስለዋል፤ በጥቁር ገበያ ግን ዶላር ከመንግሥቱ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ያ ልክ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ ውጭ ለማንም የሚያገለግል አልነበረም። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ዶላር 5 ብር ሲሆን 1 ብር ወደ 7 ሺሊንግ ግድም ወረደ። ሞያሌ ላይ ከብት ነድቶ ድንበር የሚሻገር ነጋዴ ደግሞ ሁለቱንም መንግሥታት ሳያስፈቅድ የራሱን ልክ ያወጣል፤ የገበያን እውነት ለሚሻ ሰው እኔ የማምነው የእርሱን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ2 ሺሊንግ ከሩብ ገደማ የነበረው ብር በጥቂት ሳምንታት ወደ 1 ሺሊንግ ከ20 ሳንቲም ግድም ደረሰ። በእነዚያ ሳምንታት ከናይሮቢ ዕቃ ያዘዙ ደንበኞች ወደ እኔ ሲመጡ፣ የውላቸውን ሌላ አንቀጽ ትቼ አስቀድሜ የምፈልገው «በክፍያው ቀን፣ ከፋዩ ባንክ በሚሸጥበት ዋጋ» የሚለውን ሐረግ ነበር። ሐረጉ የሌለበት ውል ዛሬም ይመጣልኛል፤ አንዱ ውል፣ ሁለቱ ወገኖች በየትኛው ቀን ልክ እንደሚተሳሰቡ እስኪስማሙ ድረስ ሳይዘጋ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።