«ቦኒ ላይት ሆርስማን»፦ የድሮ ዘፈኖች በቁጥብ ቅንብር

«ቦኒ ላይት ሆርስማን» ተመሳሳይ መጠሪያ ያለው የአሜሪካ የፎክ ባንድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። በውስጡ ካሉት 10 ዘፈኖች አብዛኞቹ በእንግሊዝ፣ በአየርላንድና በአሜሪካ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ የኖሩ፣ ገጣሚያቸው የማይታወቅ የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው። አልበሙ እነዚህን ዘፈኖች በጥቂት መሣሪያ ያጅባል፤ ድምፃውያኑንም ከሁሉ ያስቀድማል።

ሦስቱ የባንዱ አባላት ከመጣመራቸው በፊት በየፊናቸው ታዋቂ ነበሩ። አናይስ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ2019 ስምንት የቶኒ ሽልማቶችን ያገኘው «ሄድስታውን» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ደራሲ ናት። የድሮ ዘፈንም ለእሷ አዲስ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ጀምስ ቻይልድ 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ተራኪ ዘፈኖችን ሰብስቦ አሳትሞ ነበር፤ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ2013 ከጄፈርሰን ሄመር ጋር ከዚሁ ስብስብ የተወሰዱ ሰባት ዘፈኖችን በአልበም አውጥታለች። ኤሪክ ዲ. ጆንሰን «ፍሩት ባትስ» የተባለውን ባንድ የሚመራ ድምፃዊ ነው። ጆሽ ካውፍማን ደግሞ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ፕሮዲዩሰር ሲሆን የአልበሙን ሥራ የመራውም እሱ ነው።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በዊስኮንሲን ግዛት በተካሄደው የኦ ክሌር ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጣ። የጋበዟቸው የፌስቲቫሉ መሥራቾች ጀስቲን ቨርነንና አሮን ዴስነር ናቸው። በዚያው ዓመት በርካታ ሙዚቀኞች በበርሊን ፉንክሃውስ ተሰባስበው በጋራ ሲሠሩ ሦስቱም ነበሩበት። ፉንክሃውስ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የሬዲዮ ጣቢያ የነበረ ሕንፃ ነው። ከአልበሙ ከፊሉ የተቀረጸው እዚያ ነው፤ ቨርነንና አየርላንዳዊቷ ሊሳ ሃኒጋንን የመሳሰሉ እንግዶችም በቀረጻው ተሳትፈዋል። የቀረው በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዉድስቶክ አቅራቢያ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው ድሪምላንድ ስቱዲዮ ተጠናቀቀ።

ቅንብሩ ቁጥብ የሆነው በምክንያት ነው። እንዲህ ያሉ ዘፈኖች በጥንት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ያለ መሣሪያ በአንድ ሰው ድምፅ ይዜሙ ነበር። አንድ ዜማ ለሁሉም አንጓ ይደጋገማል፤ የሚለወጠው ታሪኩ ነው። መሣሪያ ሲበዛ ቃሉ ይዋጣል፤ ቃሉ ከተዋጠ ደግሞ ዘፈኑ የሚያስተላልፈው ነገር አይኖረውም። በዚህ አልበም የዘፈኖቹ መሠረት ጊታር ነው። ማይክል ሉዊስ በቤዝና በሳክስፎን፣ ጄቲ ቤትስ በድራም ቢያጅቡም የሚገቡት ስሜቱ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ሙላቱን የሚሰጠው የሚቸልና የጆንሰን ድምፅ ነው፤ አንዱ ሲመራ ሌላው ይከተላል፣ ወይም ሁለቱ በተለያየ ከፍታ አብረው ያዜማሉ።

ለባንዱም ለአልበሙም ስም የሆነው የመጀመሪያው ዘፈን ጥሩ ማሳያ ነው። ፈረሰኛ ወታደር የሆነ ፍቅረኛዋን በናፖሊዮን ጦርነት ያጣች ሴት የምታዜመው ሙሾ ነው። ሚቸል ስታዜመው ጊታሩ ከሥር በዝግታ ይከተላታል፤ ሐዘኑ የሚሰማው ከቃሏ እንጂ ከመሣሪያው ጩኸት አይደለም። «ሎውላንድስ» ከመርከበኞች ዘፈን የመጣ ሲሆን «ብራይት ሞርኒንግ ስታርስ» በአፓላቺያ ተራሮች የሚዘመር መንፈሳዊ ዜማ ነው። ሙዚቀኞቹ የድሮውን ግጥም እንዳለ አልደገሙትም፤ ከአንዱ ቀንሰው፣ ለሌላው ጨምረው፣ ከተለያዩ ዘፈኖች የተገኙ ስንኞችን አገጣጥመዋል። ይህም ለፎክ ባዕድ አይደለም፤ በአፍ የሚወርድ ዘፈን ያዜመው ሁሉ አሻራውን ያሳርፍበታል።

አልበሙ ለ2021 የግራሚ ሽልማት በምርጥ የፎክ አልበም ዘርፍ ታጭቷል፤ «ዲፕ ኢን ላቭ» የተሰኘው ዘፈንም በሌላ ዘርፍ ዕጩ ነበር። በአልበም ዘርፉ ያሸነፉት ጊሊያን ዌልችና ዴቪድ ሮሊንግስ ናቸው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 ተከታይ አልበሞችን አውጥቷል፤ በእነዚህ ግን የሚበዙት አባላቱ ራሳቸው የደረሷቸው ዘፈኖች ናቸው። ባንዱ የሕዝብ ዘፈንን እንዴት እንደሚይዝ ማወቅ የሚሻ አድማጭ መጀመር ያለበት ከመጀመሪያው አልበም ነው።