ድባቴ በጤና ጣቢያው ደጃፍ

በጎንደር አቅራቢያ ያለችው ደንቢያ እ.ኤ.አ. በ1953 በወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀብራለች። በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያወጣ ነበር፤ ተማሪዎቹ ለመስክ ልምምድ ከወረዱባቸው ቀደምት ጤና ጣቢያዎች አንዱም የደንቢያው ቆላ ድባ ነው። በሽተኛው ከተማ እስኪመጣ ከመጠበቅ በሽታውን ከቀዬው መፈለግ የሚለው ሐሳብ ለወባ ሠርቷል። ወባ ከጣት በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ትታወቃለች። ለድባቴ ግን የሚወሰድ ናሙና የለም፤ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው። በእኔ እምነት የአገራችን የድባቴ ችግር ከመድኃኒት እጥረት በፊት የመጠየቅ እጥረት ነው።

ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ የገጠር እናት «ከፋኝ» ብላ አትጀምርም። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ ልቤን ያፍነኛል፤ እህል አላስበላ አለኝ፤ እንቅልፍ ነሳኝ» ትላለች። ውሸቷን አይደለም፤ ድባቴ ሰውነትን ያማል። ካርዷ ላይ አንድ ጊዜ ጨጓራ፣ ሌላ ጊዜ ታይፎይድ ይጻፋል። መድኃኒቷን ውጣ ትጨርሳለች፣ ሕመሙ ባለበት ነው፣ ከወር በኋላ ተመልሳ ወረፋ ትይዛለች። ኢትዮጵያ ከህንድ፣ ከኔፓል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከኡጋንዳ ጋር የተሳተፈችበት ፕራይም የተባለ የአእምሮ ጤና ጥናት በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ሲካሄድ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ከመጡት የድባቴ ሕሙማን ባለሙያዎቹ የለዩት እጅግ ጥቂቱን ብቻ እንደነበር ታይቷል። ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ደጅ ላይ ረጅም ሰልፍ እያለ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ አስጠልቶሻል ወይ?» ብሎ መልስ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ይሁንና በአማርኛ ተፈትሾ በሥራ ላይ የዋለው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሐዘን ሁሉ ድባቴ አይደለም። ሐዘንተኛ በለቅሶው መሐል የሟቹን ጨዋታ አንስቶ ፈገግ ይላል፤ እድርተኛው ሲከበው ቀለል ይለዋል። በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ቢከቡትም አይቀለውም። መከፋቱ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቀኑን በአብዛኛው ይዘልቃል፤ በዚያ ላይ እንቅልፍና ምግብ ይዛባሉ፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ ሰውየው ራሱን የማይረባ አድርጎ ይቆጥራል፣ ሞትን መመኘትም ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ በሌላ ጊዜ ያለ እንቅልፍ የሚፈነድቅ፣ ገንዘብ የሚበትንና የማያቋርጥ ወሬ የሚያወራ ነው። ይህ ባይፖላር የሚባለው ሌላ ሕመም ነው፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ቢሰጠው ሊብስበት ስለሚችል ያለፈ ታሪኩን መጠየቅ ግድ ነው።

ልጆች ላይ ነገሩ መልኩን ይቀይራል፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ልጅ ከማዘን ይልቅ ይነጫነጫል፣ ይቆጣል፣ ከታናናሾቹ ጋር ይጣላል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲባል ሆዱን ይቆርጠዋል። ከብት ሲጠብቅ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት የነበረው ለብቻው ይቀመጣል፤ የክፍል ደረጃው ያሽቆለቁላል። መምህሩ «ሰነፍ»፣ አባቱ «ባለጌ» ይሉታል፤ ዱላ ይከተላል። ወደ ጉርምስና ሲደርስ በሽታው ይበዛል፤ ከዚያ ዕድሜ ጀምሮም ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ይልቅ ይጠቃሉ። ያለ ዕድሜዋ ተድራ ከትምህርቷ የወጣች ልጅ ዝም ማለቷ «ጨዋ ናት» ተብሎ ሲመሰገን ሰምቻለሁ፤ ያ ዝምታ አንዳንዴ ሕመም ነው።

መንሥኤው አንድ አይደለም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ በላዩ ላይ ድህነት፣ የቤት ውስጥ ጥቃት፣ ወሊድ፣ እንደ ኤች አይ ቪና ቲቢ ያለ ረጅም ሕመም፣ አረቄ ይደረባሉ። የደም ማነስና የእንቅርት ሕመምም ድባቴ መስለው ስለሚመጡ መመርመር አለባቸው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ጦርነት ተጨምሯል። በሰሜን ጎንደር የዳባትና የደባርቅ ሕዝብ በ2021 ግድያና መፈናቀል ደርሶበታል፤ ከ2023 ወዲህም የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም። በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰው ድባቴ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ጦርነት ባለበት ሁሉ ድርሻው ከፍ ይላል።

ጎንደሬ ለጭንቀቱ መላ ያጣበት ዘመን የለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ጉባኤዎችን እየተከታተለ መዝግቧል፤ አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ ደግሞ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ዛርን እንደ ቡድን ሕክምና አይቶታል። በባሏ ቤት ሰሚ ያጣች ሴት በዛር ማኅበር ውስጥ ትሰማለች፣ ትከበራለች፣ ጓደኛም ታገኛለች። ይህ ጥቅም አለው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ግን ወጪው አያልቅም፣ ከባድ ድባቴንም አያነሣም። ጠበል ሌላ ነገር ነው። ምእመኑ ከጠበሉ እንዲቀር መምከር ከንቱ ድካም ይመስለኛል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ክኒኑ ሲቋረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት ተነጋግረው ሕሙማኑ ሁለቱንም እንዲያገኙ የተደረገ ሙከራ አለ፤ ጎንደርም ብትከተለው አይከፋም።

ሕክምናው የተራቀቀ አይደለም። ቀለል ላለ ድባቴ ንግግር ይቀድማል። በዚምባብዌ በሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የተጀመረው «የወዳጅነት ወንበር» ጥቂት ሥልጠና የወሰዱ አያቶችን ክሊኒክ ደጅ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ሕሙማንን ያነጋግራል፤ በ2016 የወጣው ጥናት ውጤታማነቱን አረጋግጧል። ቡና አፍልቶ ጎረቤት ለሚጠራ አገር ይህ ባዕድ አይደለም። ጠንከር ላለው ድባቴ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ይታዘዛል። ሁለቱም ርካሽና የቆዩ ናቸው፤ ነገር ግን ለውጡ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ይጥሉታል። ከዳኑ በኋላም ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለድባቴ ክኒን አይሰጥም፤ የሚታከመው ከቤተሰብና ከመምህር ጋር በመሥራት ነው። በጉርምስና ላሉትም መድኃኒቱ በስፔሻሊስት ክትትል ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ሄዶ ነበር የሚማረው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስተምራል። ያም ሆኖ ከደንቢያ ተነሥቶ ጎንደር መድረስ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር አይሞከርም። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ በየጤና ጣቢያው ባለ ነርስ እጅ ነው፤ እሱም በቤተሰቡ ቃል ይታገዛል።

ቤትዎ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የከፋው፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ያለ ምክንያት የሚቆጣ ልጅም ሆነ አዋቂ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ራስ ምታቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይንገሩ። ሞትን ተመኝቶ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ የተባይ መድኃኒቱን ከቤት ያውጡ፣ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም ያድርሱት።