ያገለገለው ላፕቶፕ እና ነጻው ሊኑክስ

ሐዋሳ ፒያሳም ሆነ መናኸሪያ አካባቢ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው አቅሙን ሲናገር፣ ሻጩ ከመደርደሪያው የሚያወርድለት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ዕቃ አይደለም። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት ነው፤ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲዩድ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ። እነዚህ ሞዴሎች ከመነሻው ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ናቸው። በውጭ አገር ኩባንያዎች ጥቂት ዓመት ያገለግላሉ፤ ኩባንያው ዕቃውን ሲያድስ በጅምላ ተሸጠው ወደኛ ይመጣሉ። አካላቸው ጠንካራ ነው። የብዙዎቹ የጀርባ ክዳን በጥቂት ብሎን ይፈታል፤ ራም መጨመርና ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ለጥገና ባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የእነዚህ ማሽኖች ገበያ የደራው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። አዲስ ላፕቶፕ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆነ። ኮምፒውተር የመንካት ግዴታው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው በኮምፒውተር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል በኦንላይን ይሰጣል።

በዚህ ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ለግል ተጠቃሚዎች ያስቀመጠው ማራዘሚያም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት ራምና ከ64 ጊጋባይት ማከማቻ በተጨማሪ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ኢንቴል ከሆነም በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ገበያ ላይ ርካሽ ሆነው የሚገኙት ግን 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ትውልዶቹ ናቸው። በክራክ የተጫነው ዊንዶውስ ይነሳል፣ ይሠራል፤ የደህንነት ቀዳዳው ግን እየሰፋ ይሄዳል። ለእነዚህ ማሽኖች ዋናው ሕጋዊና ነጻ መፍትሔ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው።

ሊኑክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት የሆነውን ክፍል ጽፎ ኮዱን ለሁሉም ለቀቀ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር የመሥራት ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ተገናኙ። ኮዱን የሚጠብቀው የፈቃድ ውል አንድ ግዴታ ብቻ አጥብቆ ያስቀምጣል፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚያድል ሰው ያሻሻለውን ኮድም አብሮ ማካፈል አለበት። ነገሩ ከጎረቤት እንደሚወሰድ እርሾ ነው፤ ሁሉም በየቤቱ ዱቄት የራሱን ሊጥ ያቦካል፣ እርሾውም በመሰጣጣት ይቆያል። ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ሉቡንቱ የሚባሉት ከአንዱ እምብርት የወጡ የተለያዩ ስሪቶች ናቸው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ ለዓመታት ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር።

ስሙ እንግዳ ይምሰል እንጂ ዕቃው በየኪሳችን አለ። ቴክኖም ሆነ ሳምሰንግ ስልክ የሚነሳበት አንድሮይድ የተገነባው በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው። የአገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓትም ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ሶፍትዌር ነው።

ከሊኑክስ ባሕርያት ለገዢ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሳይጫን መነሳት መቻሉ ነው። ሊኑክስ ሚንትን ለምሳሌ አንድ ሰው ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታ ከፍሎ አንድ ጊዜ ቢያወርደው፣ ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ በፍላሽ ቢያባዛው ሕጋዊ ነው። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ፋይሉ ግን እንደ ፊልም ኮፒ አይደረግም፤ ሩፈስ በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፋል። ገዢው ይህን ፍላሽ ይዞ ሱቅ ይገባል። ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ፍላሹን ሰክቶ ላፕቶፑን ያስነሳል፤ ዴልና ሌኖቮ ሲበሩ ኤፍ12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9 ሲጫኑ ከየት ልነሳ ብሎ ይጠይቃል። በፍላሹ ሲነሳ የማሽኑ ሃርድ ዲስክ አይነካም። እዚያው ቆሞ ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መውጣቱን፣ ካሜራው መሥራቱን፣ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይሞክራል።

ከዚያ ወደ ባትሪው ይሄዳል። የኃይል መረጃ የሚያሳየው ፕሮግራም ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይሰጣል፤ አንዱ ባትሪው ሲሠራ ይይዝ የነበረው፣ ሌላው ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው። በ50 ዋት ሰዓት የተሠራ ባትሪ ዛሬ 20 ብቻ ከያዘ፣ ሻጩ «ባትሪው አሪፍ ነው» ቢልም ግማሹ እንኳ አልቀረም። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቁጥር ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይበልጣል። ዋጋ የሚቀነሰውም እዚህ ላይ ነው።

ምን ያህል አቅም ያስፈልጋል? ሚንት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ ተመችቶ የሚሠራው ግን ከ4 ጀምሮ ነው። ኢንተርኔት መክፈቻ፣ ሊብሬኦፊስ የተባለ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ ቪዲዮ ማጫወቻ አብረውት ይመጣሉ። ለሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነገር አለው። ስታቲስቲክስ ለሚሠራ አር፣ ካርታ ለሚሠራ ኪውጂአይኤስ በነጻ ይገኛሉ፤ ወንዶ ገነት ደን የሚያጠና ተማሪ ክራክ ሳይፈልግ መመረቂያውን ሊሠራባቸው ይችላል።

አማርኛ መጻፍም አያስቸግርም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ሊኑክስ ላይ የአማርኛ መጻፊያ ስልትን ከሶፍትዌር መደብሩ መጫን በቂ ነው። በዚህ ስልት ኤልን ብቻ ቢመቱ ል ይወጣል፤ ኢ ሲከተለው ለ፣ ዩ ሲከተለው ሉ፣ ኤ ሲከተለው ላ ይሆናል። ኪው ቅ ነው፣ ኤክስ ሽ፣ ትልቁ ቲ ጥ፣ ትልቁ ኤን ኝ። ሁለት ነጥቡን ደጋግመው ቢመቱት አራት ነጥብ ይሆናል። ስልክ ላይ በዚህ ዓይነት መንገድ ሲጽፍ የኖረ ወጣት በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል።

ሌላው ጥቅም የሚታየው ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሰው ሲመለሱ ነው። ፍላሽ ላይ ያለውን ፎልደር ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። የተደበቁት ፋይሎች እንዳሉ ይታያሉ፤ ቫይረሱን መርጦ ማጥፋት ይቻላል። ይህ ማለት ሊኑክስ ፈጽሞ አይጠቃም ማለት አይደለም፤ ማሻሻያ ሲመጣ መጫን እዚህም ግድ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ብዙ የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያዎች የሚጠይቁት ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። የሲቪል መሐንዲሶች ኢታብስና አውቶካድም እንዲሁ። ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ የለመደ ጸሐፊ እዚህ አያገኘውም። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ፎንቱን ቀድቶ መጫን ለማንበብ ያስችላል እንጂ ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ አይለውጠውም። አንዳንድ ፕሪንተሮች፣ አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶችም ያስቸግራሉ። ስለዚህ ፒችትሪ ለሚማር ወይም ታይፕ ቤት ለሚከፍት ሰው ሊኑክስን ብቸኛ አድርጎ መምከር ማሳሳት ነው። ቦታ ካለ ሊኑክስንና ዊንዶውስን አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን መጫን ይቻላል።

ርካሽ ኮምፒውተርን በነጻ ሶፍትዌር ለሕዝብ የማዳረስ ሐሳብ በአገራችን ከዚህ በፊትም ተሞክሯል። «ለአንድ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ከኤምአይቲ የወጣ ዘመቻ በ100 ዶላር ሊያቀርበው አስቦ 200 ዶላር ገደማ የደረሰው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፕ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሺዎች ተቆጥሮ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። የሚነሳው በሊኑክስ ነበር፤ የአማርኛ ኪቦርድም ተሠርቶለታል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ላፕቶፑን የተጠቀሙት ኢትዮጵያውያን ልጆች ካልተጠቀሙት ይልቅ በአንዳንድ የረቂቅ አስተሳሰብ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ማሽኑ ግን በዓይነቱ የተለየ ነበር። ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ቻርጀሩ ከሌላ ላፕቶፕ ጋር አይዛመድም፤ በገበያ መለዋወጫ የሌለው ዕቃ ደግሞ ከተበላሸ በቃው ነው።

በእንግሊዝ የተሠራው ራስበሪ ፓይም እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር ብቅ ብሎ ዓለምን አስደንቋል። ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ድንቅ መሣሪያ ነው። ለቤተሰብ ግን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ይገዛለታል፤ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ያገለገለው ኤሊትቡክ እነዚህን ሁለቱንም የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው። ራሙ፣ ቻርጀሩ፣ ኪቦርዱ ከተማ ውስጥ አለ፤ ፈትቶ የሚገጥመውም ሰው አለ።

የጎደለው ሶፍትዌሩን የሚያውቀው ሰው ነው። ብዙው ጥገና ቤት «ፎርማት ይደረግ» ሲባል እጁ የሚሄደው ወደ ዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ የጫነ ላፕቶፕ ዋይፋይ እምቢ ቢለው ባለቤቱ የሚሰማው መፍትሔ «አጥፋና ዊንዶውስ ጫንበት» የሚል ይሆናል። ነጻ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የለውም እንጂ የዕውቀት ዋጋ አለው፤ ያን የሚከፍል ከሌለ ማሽኑ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ኮምፒውተር የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ይህን ክፍተት መሙላት ከባድ መሆን አልነበረበትም። በየዓመቱ ከሚመረቁት ጥቂቶቹ እንኳ ሊኑክስ መጫንና መጠገንን መተዳደሪያ ቢያደርጉት ደንበኛ አያጡም፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ማሽኖች በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ናቸው።

ለገዢ የሚቀረው ምክር አጭር ነው። ሥራዎ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ኢንተርኔት መጠቀም፣ ፕሮግራም መማር ወይም ልጅ ማስጠናት ከሆነ ራሙ 8፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሊኑክስ ጋር ለዓመታት ይበቃዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ፍላሹን ይዘው ይሂዱ፣ የባትሪውን ቁጥር ይዩ፣ ሲቸገሩ የሚደውሉለትንም ሰው አስቀድመው ይወቁ።