«ካላየኸው ታጠፍ»

ሰማይ ሰፊ ነው። የገበያ ግፊያ፣ የጠባብ ድልድይ ትርምስ የለበትም። ታዲያ ሁለት አውሮፕላኖች፣ ያውም በቀን ብርሃን፣ እንዴት ሊጋጩ ይችላሉ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2015 (ሰኔ 30 ቀን 2007 ዓ.ም.) በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ ሞንክስ ኮርነር ከተማ አጠገብ የሆነው ይህ ነው። ከሾው የአየር ኃይል ጣቢያ የተነሣ አንድ ኤፍ 16 ተዋጊ ጄት ወደ ቻርለስተን አውሮፕላን ማረፊያ የመቃረብ ልምምድ ያደርግ ነበር። በዚያው ሰዓት አንዲት ሴስና 150፣ ማለትም ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን፣ ከከተማው ማረፊያ ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣ ነበር። ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ፣ ከመሬት 450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተጋጩ። የጄቱ አብራሪ ለጥቂት ደቂቃ ከታገለ በኋላ በጃንጥላ ወርዶ ተረፈ። በሴስናዋ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን ሕይወታቸው አለፈ። ያን ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ የሸኛቸው ሰው ማታ ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደገባ እስቲ አስቡት።

ማስጠንቀቂያ ነበረ

ልቤን የነካው ማስጠንቀቂያው መሰጠቱ ነው። የበረራ ተቆጣጣሪዋ ሴስናዋን በራዳር አይታታለች። ከፊት ለፊትህ፣ ሁለት ማይል ላይ አውሮፕላን አለ ብላ ለጄቱ አብራሪ ነገረችው። እርሱም ፈለገ፤ አላየም። ቀጥላም ካላየኸው ወደ ግራ ታጠፍ አለችው። አብራሪው ርቀቱን ለማረጋገጥ መልሶ ጠየቀ። ትእዛዙ ተደገመ፤ «ወዲያውኑ» የሚል ቃልም ተጨመረበት፤ «ካላየኸው» የሚለው ግን እዚያው ቀረ። ጄቱ መታጠፍ ጀመረ፤ ግን ዘገየ። ይህ ሁሉ የሆነው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ሴስናዋ በማረፊያው ዙሪያ የምትቆይ መስሏት ነበር። ተዋጊ ጄትም ባንድ አፍታ ይታጠፋል ብላ ጠብቃለች። አብራሪው ደግሞ በአውቶፓይለት ቀስ ብሎ ነበር የታጠፈው። ሴስናዋ ከተቆጣጣሪዋ ጋር በሬዲዮ አልተገናኘችም ነበር፤ በዚያ ቦታ ደንቡም አያስገድዳትም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2016 የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ ዋናው ምክንያት ተቆጣጣሪዋ ግጭቱን የሚያስቀር ተገቢ መፍትሔ አለመስጠቷ ሲሆን፣ «አይቶ መሸሽ» የተባለው ዘዴ በራሱ ያለበት ድክመትም አስተዋጽኦ አድርጓል።

የማይንቀሳቀሰው ነጥብ

«አይቶ መሸሽ» ለምን ያዳግታል? በግጭት መስመር ላይ ያለ አውሮፕላን በመስተዋቱ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሄድም። ባለበት የቆመ ትንሽ ነጥብ ይመስላል። ዓይናችን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የቆመውን ቶሎ አይዝም። ነጥቡ በድንገት የሚተልቀው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነው። የአሜሪካ የበረራ መሥሪያ ቤት እንደሚያስተምረው አንድ አብራሪ ሌላውን አይቶ፣ አደጋ መሆኑን ተረድቶ፣ ወስኖና መሪውን አዙሮ አውሮፕላኑ እስኪታጠፍ 12.5 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች በዓይን ብቻ አትታመኑ፣ በአካባቢው ያለውን አውሮፕላን የሚያሳይና የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይኑራችሁ ይላሉ።

በእኛስ ቤት?

ሰዎች የሞቱበትን ነገር እንዲሁ ለምሳሌ ብቻ ማንሣት አልወድም። ነገር ግን ከዚህ አደጋ ሳንማር ብናልፍ ኪሳራው የእኛ ነው።

እህቴ ሆይ፣ ለባለቤትሽ ከባድ ነገር የምትነግሪው እንዴት ነው? «ካልደከመህ፣ ካልከፋህ፣ ጊዜ ካለህ ስለ ልጃችን እናውራ» ትይዋለሽ? በጨዋነት የተጨመረችው «ካ» መልእክቱን ታላላዋለች፤ እርሱም «ደህና፣ ሌላ ቀን» ብሎ ያልፋል። አንቺም «ነግሬዋለሁ» ትያለሽ። አዎን፣ ተነግሯል፤ ግን አልተሰማም። አደጋው ቀርቦ ከሆነ «ይህ ጉዳይ አሳስቦኛል፤ ዛሬ ማታ እንነጋገር» በይው።

ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ያየችውን አንተ ስላላየኸው የለም ማለት አይደለም። እርግጠኛ እስክትሆን እየጠየቅህ ስትዘገይ ሰከንዶቹ ያልቃሉ። መጀመሪያ ታጠፍ፤ ማብራሪያው በኋላ ይደርሳል።

ሁለታችሁም፣ በቤታችሁ ያለውን የማይንቀሳቀስ ነጥብ ፈልጉ። ያልተከፈለ ብድር ይሆን? ከእናት ቤት ጋር ያለ ቅሬታ? ከዓመት ዓመት ባለበት ስለቆመ ምንም የማያደርግ ይመስላል። ግን ባለበት መቆሙ ወደ እናንተ እየመጣ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። የውጭ ዓይንም አትናቁ፤ እናንተ ያላያችሁትን የሚያይ የታመነ ሽማግሌ ወይም ወዳጅ ይኑራችሁ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉና አንዳችሁ ሌላውን ጠይቁ፦ «አንተ የምታየው፣ እኔ ግን የማላየው ነገር ምንድን ነው?» «አንቺስ?» መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ፤ መታጠፍ ካለባችሁም ሳይነጋ ታጠፉ።